የኮምቦልቻ ሰው ባሕር ሲወርድ፦ የጅቡቲን የባሕር ፓርኮች ሳይጎዱ መጎብኘት

አባቴ የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበር። ከምልልስ ሲገባ ባዶ እጁን አይመጣም። አንዴ ጨርቅ፣ አንዴ ሽቶ። አንድ ቀን ደግሞ ነጭ፣ ቀዳዳው የበዛ፣ የአበባ ጎመን የመሰለ ድንጋይ ይዞ ገባ። እናቴ ዳንቴል አንጥፋ ቡፌው ላይ አስቀመጠችው። እንግዳ ሲጠይቅ «የባሕር ድንጋይ ነው» እንላለን። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ድንጋይ ነው ብዬ አምኜ ኖርኩ።

ድንጋይ አልነበረም። ኮራል ነው፤ የእልፍ ትንንሽ እንስሳት አጽም። ይህ የገባኝ ጅቡቲ፣ ሙሻ ደሴት አጠገብ፣ ባሕር ውስጥ ቆሜ ነው። ደክሞኝ ስለነበር እግሬን ከሥሬ ያለ ነገር ላይ አሳረፍኩ። ጀልባ ነጂው ከላይ ሆኖ በተሰባበረ አማርኛ ጮኸብኝ። «አትቁም! ተኛ! ሕይወት አለው! ተኛ!» ስተኛ ዘግይቻለሁ። ጣት የምታህል ቅርንጫፍ ቀሽ ብላ ተሰብራ ወደ አሸዋው ስትወርድ በውሃ መነጽሬ፣ በማስኬ አየኋት።

ይህን መመሪያ የምጽፈው የደሴና የኮምቦልቻ ሰው እኔ የሠራሁትን እንዳይሠራ ነው። ባሕር ለኛ ሩቅ ይመስለናል። ከኮምቦልቻ ጅቡቲ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደሴ አዲስ አበባ 400። ልዩነቱ ይቺው ናት፤ ድንበርና ሙቀት ሲጨመርበት ነው የሚረዝመው።

መጀመሪያ ወሩን ምረጡ

ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴን እርሷቸው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ኸምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስም አቧራ ይዞ ይመጣል። እኛ ደሴ ላይ ጋቢ ደርበን በቆሎ በምንጠብስበት ሰዓት እዚያ ያለ ሰው ቀን ቀን ከቤት አይወጣም።

የቀረውን የሚወስነው ማየት የምትፈልጉት ነገር ነው። ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ከሆነ ከኅዳር እስከ ጥር ሂዱ። በዚህ ወቅት በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ፕላንክተን የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ ወይም በጭንቅ የሚታዩ ነፍሳት ይበዛሉ። ሻርኩም እነሱን ሊበላ ይመጣል። ግን አንድ ነገር እወቁ። ሻርኩን የሚያመጣው ነገር ውሃውንም ያደፈርሰዋል። ኮራልና ዓሣ በጠራ ውሃ ማየት የሚፈልግ ሰው የካቲትና መጋቢት ቢሄድ ይሻለዋል። ሁለቱንም በአንድ ጉዞ ልያዝ ያለ አንዱን በደንብ ሳያይ ይመለሳል።

ረመዳን መቼ እንደሚውል አስቀድማችሁ እዩ። ዓርብ የዕረፍት ቀን ነው። የከተማው ሰው ቤተሰቡን ይዞ ወደ ባሕር የሚወጣው ያን ቀን ነው። ጸጥታ ከፈለጋችሁ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ያዙት።

የት እንደምትሄዱ ወስኑ

ለጀማሪ ሁለት ቦታ ይበቃል። አንዱ ሙሻና ማስካሊ የሚባሉት ደሴቶች ናቸው፤ ከጅቡቲ ከተማ ፊት ለፊት ናቸው፣ በጀልባ ይኬዳል። ሙሻ እ.ኤ.አ. በ1972፣ ማስካሊ ደግሞ በ1980 የተከለሉ ናቸው። ደሴት ሲባል ተራራና ደን አትጠብቁ። ዝቅ ያለ፣ ነጭ አሸዋ የከበበው መሬት ነው። ሙሻ ላይ ማንግሮቭ አለ፤ ሥሩን ጨው ውሃ ውስጥ የሚተክል ዛፍ ነው። ሥሮቹ መሐል ትንንሽ ዓሦች ይደበቃሉ፣ ያድጋሉ። ጀልባ በዚያ አስገብታችሁ ፎቶ ካልተነሣን አትበሉ።

ሁለተኛው የአርታ የባሕር ዳርቻ ነው። ዌል ሻርኩ የሚታየው በዚያ አካባቢ ነው።

ሰባቱ ወንድማማቾች የሚባሉ ደሴቶችም አሉ፣ ወደ ባብ ኤል መንደብ በኩል። ዝናቸው ትልቅ ነው። ሞገዱም እንደዚያው ነው። ልምድ ላለው ጠላቂ ተዉላቸው። ጉቤት የሚባለው የባሕር ወሽመጥ መግቢያም ጠባብ ስለሆነ ውሃው እንደ ወንዝ ይሮጥበታል፤ እዚያም አትግቡ።

ወረቀታችሁን ጨርሱ

ፓስፖርታችሁ ቢያንስ ስድስት ወር ይቅረው። ቪዛ ሳትይዙ ከቤት አትውጡ። በኢንተርኔት የሚወጣ ቪዛ አለ። በየብስ ነው የምንገባው ካላችሁ ግን ጋላፊ ድንበር ላይ ይሠራ እንደሆነ ኤምባሲውን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

እዚህ ላይ ግልጹን ልናገር። ከወሎ ብዙ ልጆቻችን በጅቡቲ በኩል፣ ኦቦክ በምትባል የወደብ ከተማ አድርገው ወደ የመን ይሻገራሉ። በየኬላው ያለው ፖሊስ ይህን ያውቃል። ወጣት ከሆናችሁ «ባሕር ልጎበኝ ነው» ስትሉት ፈገግ ይላል። የሆቴል ማስያዣ፣ የመመለሻ ቀን፣ የጀልባው ሰው ስልክ፣ ሁሉንም ወረቀት ላይ አትማችሁ ያዙ። ስልክ ባትሪ ይጨርሳል፤ ወረቀት አይጨርስም። ጭነት መኪና ለምኖ መሳፈር ጭራሽ አይታሰብ።

ገንዘቡ የጅቡቲ ፍራንክ ነው። ከዶላር ጋር የተቆረጠ ዋጋ አለው፤ አንድ ዶላር ወደ 177 ፍራንክ ነው፣ ከተቆረጠም ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለዚህ በምንዛሪ አትጨነቁ። የሚያስጨንቀው የጀልባው ዋጋ ነው። ጀልባ የሚከፈለው እንደ ሙሉ ስለሆነ ስድስት ሆናችሁ ብትሄዱ ለሁለት ከመሄድ እጅግ ይቀላል። ዕቁብ የምትጥሉ ጓደኞች ካላችሁ ከነሱ ጀምሩ።

እዚሁ ሳላችሁ መንሳፈፍ ተለማመዱ

ይህ ከሁሉም የበለጠው ደረጃ ነው። ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው።

ኮራልን የሚጎዳ ጎብኚ ክፉ ሰው አይደለም፤ የደነገጠ ሰው ነው። ውሃ አፉ ሲገባ መሬት ይፈልጋል። እግሩን ይዘረጋል። ከሥሩ ያለው ኮራል ነው። አለቀ። ስለዚህ ልምምዱ መዋኘት ብቻ አይደለም። ሳትቆሙ መቆየት ነው።

የመዋኛ ገንዳ ያለው ሆቴል ፈልጉ። ደረት የሚደርስ ውሃ ይበቃል። መጀመሪያ ማስኩን ፈትኑ። ማሰሪያውን ሳታጠልቁ ፊታችሁ ላይ ጫን አድርጉትና በአፍንጫ አየር ሳቡ። ከፊታችሁ ጋር ተጣብቆ ከቀረ ልካችሁ ነው። ከወደቀ ሌላ ሞክሩ። መስታወቱ ጉም እንዳይዝ ከውስጥ ምራቅ እንትፍ ብላችሁ አሹትና አለቅልቁት። ያስጠላል፤ ግን ይሠራል።

ከዚያ ስኖርክሉን፣ የመተንፈሻ ቱቦውን፣ ነክሳችሁ በሆዳችሁ ተኙ። እጃችሁን ሆዳችሁ ላይ አጣጥፉ። አሥር ደቂቃ። መቆም ክልክል ነው። ውሃ ቱቦው ውስጥ ሲገባ (ይገባል) ጡሩንባ እንደሚነፋ ሰው በኃይል አንዴ ፉ፤ ይወጣል። ሲደክማችሁ አትቁሙ፤ ተገልበጡና በጀርባችሁ ተኙ። እኔ በመጀመሪያው ቀን ሁለት ደቂቃ አልሞላሁም። በአራተኛው ቀን አሥሩን ጨረስኩ። ከዚያ ወዲያ የቀረው በእግር ቀስ እያሉ መቅዘፍ ብቻ ነው።

«ሐይቅ አጠገባችን እያለ ገንዳ ምን ይሠራልናል?» የሚል አይጠፋም። ሐይቅ የሚባለው የኛው ሐይቅ ሸጋ ነው። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቆሮሶ ዓሣውን ጠብሶ የሚያቀርብም አይጠፋም። ነገር ግን ጥልቀቱ 80 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ለመጀመሪያ ልምምድ የሚሆን ውሃ አይደለም። ተለማምዳችሁ ስትጨርሱ ከዋናተኛ ሰው ጋር፣ ላይፍ ጃኬት አድርጋችሁ ሞክሩት። የሚያጽናናው ነገር፣ ባሕር ጨው ስለሆነ ከሐይቅ ይልቅ ያንሳፍፋል። አብሽሩ።

ሻንጣው ውስጥ

ረጅም እጅጌ ያለው የመዋኛ ልብስ ዋናው ነው። ቡርኪኒ፣ ገላን ሁሉ የሚሸፍነውን የመዋኛ ልብስ፣ የሚለብሱ እህቶቻችን በዚህ በኩል ከሁላችን ቀድመዋል። ገላ ከተሸፈነ የፀሐይ ክሬም ብዙ አያስፈልግም። አንዳንድ ክሬም ውስጥ ያለው ኦክሲቤንዞን የሚባል ኬሚካል ኮራልን እንደሚጎዳ በቤተ ሙከራ ታይቷል። ሃዋይ በዚህ ምክንያት ሽያጩን ከልክላለች። ለፊትና ለእጅ ዚንክ ኦክሳይድ የሚል የተጻፈበትን ግዙ። ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ጥምቀት ላይ ዱቄት የተቀባ ሰው ትመስላላችሁ። ይሁን።

ወፍራም ሶል ያለው የውሃ ጫማ ያዙ። ጫማው ከጀልባ ወርዶ አሸዋ ላይ ለመራመድ ነው፤ ኮራል ላይ ለመውጣት ፈቃድ አይደለም። ጓንት ግን አትያዙ። ጓንት ያደረገ እጅ መንካት ያምረዋል።

አንድ ትልቅ ፔርሙስ ያዙ። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

የውሃ ጀሪካን ያዙ፤ ደርዘን ደርዘን የታሸገ ውሃ አይደለም። ስለ ፕላስቲክ ሲነሳ «ቦርከና ውስጥ የጣልነው ባሕር ይገባል» ሲባል ትሰማላችሁ። እውነት አይደለም። ቦርከና አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ያልቃል። የኮምቦልቻ ፌስታል ውሃ ይዞት ከሄደ የሚያቆሽሸው አፋርን ነው። ያም ያንሳል ማለቴ አይደለም። ባሕሩን የሚጎዳው ግን ጎብኚው ራሱ ጀልባ ላይ የከፈተው ፌስታል ነው። ንፋስ ከእጅ ይነጥቀዋል። ውሃ ውስጥ ሲንሳፈፍ የባሕር ኤሊ የምትበላው ጄሊፊሽ የሚባል ለስላሳ የባሕር እንስሳ መስሏት ትውጠዋለች። ምግባችሁን በሳህን ቋጥሩ። ለመክሰስ ቆሎ ይበቃል።

መንገዱ

ከኮምቦልቻ ባቲ፣ ከባቲ ሚሌ፣ ከሚሌ ሎጊያና ሰመራ፣ ከዚያ ጋላፊ። ሰኞ የባቲ ገበያ ስለሆነ መንገዱ ይጨናነቃል። ገበያውን ማየት ከፈለጋችሁ ግን ሰኞን መርጣችሁ ውጡ፤ ያዋጣል። ከመነሣታችሁ በፊት መናኸሪያ ሄዳችሁ የመንገዱን ሁኔታ ከሹፌሮች ጠይቁ። ከነሱ የቀደመ ወሬ የለም።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። ጆሮ ይደፈናል፣ ራስ ይከብዳል። ሰመራ ወይም ሎጊያ እደሩ። በአንድ ቀን ጨርሰን እንገባለን ብላችሁ ብትሮጡ በማግስቱ ባሕር ሳይሆን አልጋ ነው የምትጎበኙት። ድንበሩን ካለፋችሁ ገና ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል።

መንገዱ የማይሆን ከሆነ በአዲስ አበባ በኩል አውሮፕላን አለ፤ በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ባቡርም አለ። ለኛ ወደ ኋላ 400 ኪሎ ሜትር ሄዶ መመለስ ስለሆነ ገንዘብ ላለው ሰው ነው።

ጅቡቲ ከተማ ወደብና የጦር ሰፈር ፎቶ አታንሱ። ድሮን ይዞ መምጣት ችግር መጥራት ነው። ማታ የየመን ዓሣ ብሉ፤ ለሁለት ተሰንጥቆ ምድጃ ውስጥ ተጠብሶ ከሰፊ ቂጣ ጋር ይመጣል። ኤሊ ሥጋ የሚያቀርብ ሰው ከገጠማችሁ ተነሥታችሁ ውጡ።

ጀልባ ስትከራዩ

ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት መልሕቁን የት እንደሚጥል ጠይቁት። ጥሩ ጀልባ ነጂ በቋሚ ተንሳፋፊ ማሰሪያ ላይ ያስራል ወይም አሸዋ ፈልጎ ይጥላል። «የትም» ካለ ሌላ ፈልጉ። አንድ መልሕቅ ኮራል ላይ ተጎትቶ የሚያጠፋው ብዙ ጎብኚ ከሚረግጠው ሊበልጥ ይችላል። ቅርንጫፍ ያለው ኮራል በዓመት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ያድጋል። ድቡልቡሉ ደግሞ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ባነሰ። አንድ በርጩማ የሚያህል ድቡልቡል ኮራል ከአባቶቻችን ዕድሜ ሊበልጥ ይችላል።

ከዚያ ላይፍ ጃኬት ለሁሉ ሰው መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። አንድ ጊዜ «አለ» ተብዬ ባሕር መሐል ስንደርስ ለስድስት ሰው ሦስት ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ሳልቆጥር አልሳፈርም። ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ማለዳ ውጡ።

የሐይቅ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ጠዋት አንገት የደረሰ ውሃ ከሰዓት ጉልበት ሊሆን ይችላል። በጎደለ ሰዓት ኮራሉ አናት ላይ ያለው ውሃ ስለሚያንስ ሆዳችሁ ይፋቃል፤ ለናንተም ለኮራሉም አይበጅም። «የምንገባው ሲሞላ ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን የጠየቀ ሰው እንግዳ አይመስላቸውም፤ አክብሮታቸው ይጨምራል።

ውሃ ውስጥ

በአሸዋ በኩል ግቡ። ተኙ። ከዚያ ምንም አትሥሩ። እውነቴን ነው። አንድ ቦታ ላይ አሥር ደቂቃ ተንሳፍፋችሁ ብትቆዩ የሸሹት ዓሦች ሁሉ ይመለሳሉ። እየሮጠ የሚዋኝ ሰው የሚያየው ጭራ ብቻ ነው።

ጆሯችሁን ስጡ። ቀርጠፍ፣ ቀርጠፍ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ፓሮትፊሽ ነው፤ ምንቃር የመሰለ ጥርስ ያለው፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ዓሣ። ከሞተ ኮራል ላይ አረም ሲግጥ ኮራሉንም አብሮ ይፈጫል። የፈጨውንም ከኋላው እንደ ዱቄት ይለቀዋል። ያ ዱቄት አሸዋ ነው። ፎቶ የተነሣችሁበት ነጭ አሸዋ ከፊሉ የዚህ ዓሣ ኩስ ነው። አረሙን ባይግጥለት ኮራሉ ይታፈን ነበር።

ዳቦ አትጣሉላቸው። ዳቦ የለመደ ዓሣ አረሙን ይተወዋል።

ነጭ ሆኖ የገረጣ ኮራል ካያችሁ ቀለም አይደለም። ኮራል ቀለሙንም አብዛኛውን ምግቡንም የሚያገኘው ሥጋው ውስጥ ከሚኖሩ ደቃቅ ተክል መሰል ፍጥረታት ነው። ውሃው ከለመደው በላይ ሲሞቅ ያባርራቸዋል፤ ይነጣል። ወዲያው አይሞትም። ሙቀቱ ቶሎ ከበረደ ይድናል። ታሞ የተኛ ሰው ቤት እንደምትገቡ በሩቁ እለፉት።

ዌል ሻርክ ሲመጣ

ስሙ ሻርክ ነው፤ ሰው ግን አይነካም። ከዓሣ ሁሉ ትልቁ ነው፤ ከ12 ሜትር የሚያልፍ አለ። አርታ የሚመጡት ባብዛኛው ወጣቶች ናቸው፣ ከአራት እስከ አምስት ሜትር ቢሆኑ ነው። አምስት ሜትር ግን ከሚኒባስ አያንስም። ሲመጣባችሁ ልባችሁ መምታቱ አይቀርም።

ከጀልባ አትዝለሉ፤ ተንሸራትታችሁ ግቡ። ከጎኑ ሦስት ሜትር፣ ከጭራው አራት ሜትር ራቁ። ፊቱ አትቅደሙ። አትንኩት። ፍላሽ አትጠቀሙ። ጠልቆ ከሄደ ተዉት፤ መሄዱ መልስ ነው። ሌላ ጀልባ ሰው ካወረደ ተራ ጠብቁ። ጀልባ ነጂያችሁን «ጠጋ በል፣ ጠጋ በል» አትበሉት። ጉርሻ እየጨመርን እንዲህ የምናደርገው እኛ ነን፤ የሞተሩ ተሽከርካሪ ቢላዋ ቆዳውን የሚቆርጠው ያኔ ነው።

ፎቶ የምታነሡ ከሆነ በግራ ጎኑ፣ ከስንጥቡ (ከሚተነፍስበት ስንጥቅ) በኋላ ያለውን ነጠብጣብ አንሡ። እንደ ጣት አሻራ ነው፤ የአንዱ ከሌላው አይገጥምም። ተመራማሪዎች የሚለዩዋቸው በዚያ ነው። ፎቶውን ለአስጎብኚያችሁ ስጡት፤ የት እንደሚላክ ያውቃል።

ጉዳት ቢደርስ

ፔርሙሱ እዚህ ላይ ነው። ድንጋይ የሚመስል መርዘኛ ዓሣ አለ፤ ጥልቀት በሌለው ውሃ ተደፍቶ ይተኛል። የረገጠው ሰው ሕመሙ ያስጮኸዋል። የተወጋውን እግር መቻል በሚቻል ሙቅ ውሃ ውስጥ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ንከሩት፤ 45 ዲግሪ አይለፍ። የተጎዳው ሰው ሙቀት ላይሰማው ስለሚችል ሌላ ሰው በእጁ ይፈትን። ሕመሙን ያስታግሣል፤ ሐኪም ግን አያስቀርም። ወዲያው ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ጉዳት ካልደረሰ ፔርሙሱን ለሻይ ትጠቀሙበታላችሁ። እኛ እስካሁን ለሻይ ነው።

ስትመለሱ

ዛጎል አትልቀሙ። ባዶ የመሰላችሁ ዛጎል የሌላ ቤት ነው፤ ሸርጣን ይከራየዋል። የኮራል ስባሪ ሻንጣ ውስጥ ከተገኘ ኬላ ላይ ያስጠይቃል። ኤሊና ድንጋያማው ኮራል በዓለም አቀፍ የንግድ ስምምነት ውስጥ ናቸው፤ ኢትዮጵያም ጅቡቲም ፈርመዋል። ገበያ ላይ የኤሊ ቅርፊት አምባር ብታዩ ዋጋ እንኳ አትጠይቁ።

የአባቴ ኮራል አሁንም ቡፌው ላይ ነው። ባሕር ብመልሰው አይነሣም። እናቴ ግን ለእንግዳ የምትለውን ቀይራለች። «እንስሳ ነው አሉ» ትላለች፤ አንዳንዱ እንግዳ እጁን ሰብሰብ ያደርጋል።

ቤት ስትገቡ ማስኩንና ስኖርክሉን በንጹሕ ውሃ እጠቡ፤ ፀሐይ ላይ ሳይሆን ጥላ ሥር አድርቁ። ጨው ከደረቀበት ጎማው ይሰነጠቃል። የኔ የመጀመሪያው እንዲያ ሆኖ ነው የተጣለው።